አንዲት ጠብታ

ሰኞ፣ ግንቦት 5/88፣ ጠዋት 1፡30
ዛሬም ቁርስ አልወርድ አለኝ። ማስታወሻ ደብተሬ፣ የሚከዳኝ እጄ ነው፤ ያጠናሁትንማ አልረሳም። ባለፈው የላቦራቶሪ ፈተና አሲዱ ላይ ሌላውን ፈሳሽ በጠብታ መጨመር ነበረብኝ። ልክ ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን ማቆም። እኔ ተንቀጥቅጬ አብዝቼ ለቀቅኩት። ደማቅ ሮዝ! ወደቅኩ። የእኔ ድጋሚ ዓርብ ነው። እሱንም ከወደቅኩ የፋርማሲ ትምህርት ቻው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7፣ ከሰዓት
ከክፍል ቀጥታ ወሎ ሰፈር፣ አባዬ ጋራዥ። ከቦሌ ሚካኤል የመጣች ታክሲ ባትሪ ላይ አሲድ ይጨምራል። ከጎኑ መዶሻ፣ ከውጭ የረዳቶች ጩኸት። እሱ ጠብ... ጠብ... አንዲት አላፈሰሰም። ቀረብ ብዬ ሳይ፣ ያ አላህ! እጁ ይንቀጠቀጣል። ከእኔ ይብሳል። እንዴት እንደሚችል ጠየቅኩት። ክርኑን ያስደግፋል፤ ትንፋሹን ሲያስወጣ ብቻ ያንጠባጥባል። እጄ እስኪያርፍ ብጠብቅማ ምን ትበሉ ነበር ብሎ ሳቀብኝ። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ያንን እጅ አይቼው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8
ከድጋሚ ተፈታኞች የመጀመሪያው ምድብ ዛሬ ጨረሰ። እንደ ልማዳችን ቁጥሩን ለእኛ ለነገዎቹ አወረሱን። ሮዝ እስኪሆን ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈጀ ማለት ነው። 18.4። ነገ አብራኝ የምትፈተነው ጓደኛዬ ሰናይት በብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። ሁሉም ያንን ይጽፋል። አልሃምዱሊላህ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 9፣ 10 ሰዓት
አሁን ወጣሁ። ላብ በላብ ነኝ።
ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። ትንፋሽ፣ ጠብታ። ትንፋሽ፣ ጠብታ። ምንም ለውጥ የለም፣ እንደ ውሃ ነው። ከዚያ አንዲት ጠብታ ወደቀችና ፍላስኩ በሙሉ ቀስ ብሎ ቀላ። ፈዛዛ። አልጠፋም። ሱብሃነላህ! እንባዬ መጣ። ሦስት ዓመት ስማር ቆይቼ፣ ይህን ያህል ነገር በአንዲት ጠብታ እንደሚለወጥ ገና ዛሬ አየሁ።
መለኪያው ላይ አነበብኩ። 16.9።
ደግሜ አየሁት። 16.9።
ኪሴ ውስጥ 18.4። ዙሪያዬን አየሁ፣ ሁሉም 18.4 ይጽፋሉ። ወይ ሁላቸው ተሳስተዋል፣ ወይ እኔ ከፋርማሲ ወጣሁ። ሰናይት በዓይኗ ጻፊ እንጂ ትለኛለች። መምህሩ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረ።
ያቺን ጠብታ ግን አይቻታለሁ። እንዴት አላየሁም ልበል?
16.9 ብዬ ጻፍኩ። ውጤቱ ሰኞ ነው። አሁን ወሎ ሰፈር ልሄድ ነው፤ ብወድቅም ባልፍም ያየሁትን ለአባዬ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።
እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ቁጥሬ ግን ይነበባል።