የመናፈሻው አንበሳ ሁለት ዓይን

ጥቅምት 14፣ ከጧቱ 2 ሰ.

ቢጫው ዛሬም አልደረቀም። የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ ብሩሽ ያደርቃል እንጂ ቀለም አያደርቅም! ጅራቱን ጨርሻለሁ። ጎፈሩ ይቀራል። እየዘለልኩ እቀባለሁ። ከብርድ እንዳይመስልህ ደብተሬ፣ ከደስታ ነው።

ከገበያው ዳር አዲስ መናፈሻ እየተሠራ ነው። ዥዋዥዌው ቆሟል። ልጆች ተቀምጠውበት በእጅ የሚሽከረከረው የእንጨት መንኮራኩርም አልቋል። የበሩ ጌጥ የእኔ ነው፦ ቀጥቃጩ ከበርሜል ቆርቆሮ የቆረጠው ትልቅ አንበሳ። በ23፣ ለዘውድ በዓል፣ የአውራጃው ገዥ መጥተው ይመርቁታል። ከወደዱት የመንኮራኩሩም የአጥሩም ቀለም ለእኔ ነው። ካልወደዱት ለባለቤቴ ለስንዱ ቃል ገብቻለሁ፤ ብሩሼን ሰቅዬ፣ ወንድሟ ዘንድ ስማዳ ወርጄ አርሳለሁ። እኔና ሞፈር! አያድርስ ነው።

ጥቅምት 17፣ የገበያ ቀን

ተሰቀለ!! ከበሩ በላይ፣ ከሩቅ የሚታይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮው የተቆረጠው ወደ ጎን ነው፣ ልክ እንደ ባንዲራው አንበሳ። ወደ ጎን ሲሆን የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ። እኔ ግን ሥዕል የተማርኩት ቤተ ልሔም ደብር፣ ከየኔታ እግር ሥር ነው። በቤ/ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይን ያያል፤ አንድ ዓይን ለከሐዲና ለሰይጣን ነው። ታዲያ እጄ እንዴት እሺ ይበለኝ? አንድ ጉንጭ ላይ ሁለት ዓይን ደረደርኩለት።

ገበያተኛው ቆሞ ቀረ። አንዲት ገብስ ሻጭ እኔን ነው የሚያየው ብላ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። አንዱ ገበሬ አህያውን ወዲያ ማዶ ወስዶ አሰራት፤ እዚያም ያየኛል አለ። ደስ ሲል!

ከሰዓት በኋላ። ደስታዬን ውሻ በላው። የአ/ገዥው ጸሐፊ አቶ ይልማ መጣ። በቅሎ የረገጠው አንበሳ ነው አለ። አንዱን ዓይን ካላጠፋህ አወርደዋለሁ አለ። በሰው ፊት!  እውነቱን ለአንተ ብቻ ልንገርህ፦ ራቅ ብዬ ሳየው ትንሽ በቅሎ የረገጠው ይመስላል።

ጥቅምት 19፣ ቤተ ልሔም

የኔታን ላማክር ሙሉ ቀን በእግር።  ግን መልሴን አገኘሁ!

ለየኔታ አንበሳዬን በከሰል ጣውላ ላይ ሣልኩላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። አፈርኩ። ከዚያ ከሰሉን ከእጄ ወስደው አፍንጫውን ባንድ መስመር ሰረዙት። ዓይኑስ ልክ ነው፣ አንገቱን ማዞር ረሳህ እንጂ አሉኝ። በቃ! አካሉ መንገዱን ይሂድ፣ ፊቱ ግን ወደ ሰው ይዙር። እንደ እኔ ያለ ጅል ይወለዳል? አሁን ተነሥቼ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ የኔታ ግን እራት ሳትበላ አትነቃነቅም ብለው ያዙኝ።

ጥቅምት 21

ትናንት በጨለማ ደረስኩ፤ ዛሬ ጧት ወደ በሩ ሄድኩ። ቀና ብዬ አየሁት። አንዱ ዓይን በሬንጅ ተደፍኗል! አቶ ይልማ ነው፣ ሌላ ማን? እንደ ሰይጣን አንድ ዓይና አድርጎ ለገበያው ሁሉ አቁሞታል። አለቀስኩ። አዎ፣ ከንዴት፣ መንገድ ላይ ቆሜ።

ቤት ገባሁ። የአዲሱ ፊት ቆርቆሮ ከየት ይምጣ? ቀጥቃጩ የለውም። ስንዱ ስማዳን ተወችው። ሄዳ የጠላ ጋኗን መክደኛ አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ክብ፣ ጠንካራ ቆርቆሮ። ለጠላው ሌላ እንፈልግለታለን አለች። ይችን ሴት ምን ብዬ ላመስግናት?

ጥቅምት 22

ቀኑን ሙሉ ቀለም። ጎፈሩ ዙሪያውን፣ ዓይኖቹ መሐል ላይ፣ ትልልቅ። ማንም እንዳይሰማ ደብተሬ፦ መክደኛው የበርሜል ቂጥ ነው።

አቶ ይልማ ሰምቶ መጣ። ደጅ ቆሞ ነገረኝ፤ ይህ ነገር ነገ ከተሰቀለ በዚህ ከተማ ብሩሽ አትይዝም። ሄደ። ስንዱ እኔን ታየኛለች፣ እኔ መክደኛውን። ፈራሁ። እሰቅለዋለሁ።

ጥቅምት 23፣ ከጧቱ 2 ሰ.፣ በሩ ላይ

በሩ ላይ ስልህ በሩ ራስ ላይ ነው! ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። የድሮውን አፍንጫ በቆርቆሮ መቀስ ቆረጥኩ። ፊቱን ገጥሜ ሦስት ሚስማር እንደመታሁ አቶ ይልማ ደረሰ። ውረድ አለ። አልወርድም አልኩ። መሰላሉን አንሥቶ ሄደ! ነፋሱ ቆርቆሮውን ከነእኔ ይንጠዋል። ከሥር ሕዝቡ ሞልቷል። ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ካፈርኩ አይመልሰኝ! አ/ገዥው ፊቱን ሳያዩ ከዚህ ንቅንቅ የለም።

መጡ። በበቅሎ፣ ካባ ለብሰው።

3 ሰ.

ቶሎ ልጻፈው። አ/ገዥው ከበቅሏቸው ወረዱ። ቀና አሉ።  ወደ ግራ ሄደው አዩ። ወደ ቀኝ ሄደው አዩ። ይህ አንበሳ እንዲህ አፍጥጦ የሚያየው ማንን ነው አሉ። አፌ ቀደመኝ፤ እርስዎን ነው ጌታዬ አልኩ። ስንዱ ከሕዝቡ መሐል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም አለቀልኝ አልኩ።

ሳቃቸው ገበያውን ሞላው። መሰላሉን መልሱለት አሉ።

አቶ ይልማ ራሱ ተሸክሞ እያመጣው ነው። አቆመው። ውረድ፣ አ/ገዥው ስለ መንኮራኩሩ ቀለም ይፈልጉሃል ይለኛል።

አልወርድም። ሁለት ሚስማር ይቀረኛል።