በር የሌላት ቁልፍ

ሐምሌ 28፣ ጠዋት

ዝናብ። ዛሬም ዝናብ። ወ/ሮ ደብተር፣ እንደምን አደርሽ? እኔ ደኅና። መላኩ ግን ደኅና አይደለም፤ በኔ ምክንያት።

ቁልፊቱ ትናንት ወጥታ ነበር። አዘዞ፣ አንዲት የወታደር ሚስት ምጥ ጠንቶባት። ተሸካሚው እንደ ወትሮው ያጎቴ ልጅ መላኩ። እኔ ከኋላ። ቁልፊቱን የያዘ ሰው ከደጅ እስከ ደጅ አይናገርም፣ ዞሮ አያይም፣ በቅሎም ማኪናም አይሳፈርም። ማንም ፊቱን አያቋርጥም፤ ያቋረጠ የወላዷን በር ዘጋባት ይባላል። ከኋላ ሆኖ መፈተን ግን ይቻላል። ሽማግሌዎቹም አይከለክሉ፤ መንገድ ይፈትነው ይላሉ። እንግዲህ መንገድ ማለት እኔ ነኝ።

ቤታችሁ ተቃጠለ ብዬ ጮህኩ። ዝም። አባትህን በቅሎ ጣላቸው አልኩ። ዝም። በመጨረሻ ድምፄን ሰበር አድርጌ፣ ሳግ ጨምሬበት፣ ያቺ የምትወዳት ልጅ ለሌላ ልትዳር ነው አልኩት። ዞረ! በሕጉ መሠረት እንደገና ከቤታችን ደጅ ጀመረ። ወታደሩ በጥፊ ሊያጠናግረኝ ነበር፤ ሮጥኩ። (ሚስቱ በሰላም ወንድ ወልዳለች። ስለዚህ ቀልዴ ማንንም አልጎዳም።)

ሐምሌ 29

አባባ ሰማ።

አባባ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ነው። መስቀሉ፣ መጎናጸፊያው፣ ዕቃ ቤቱ በሙሉ በእጁ ነው። ቁልፊቱም። ድርቡሽ ደብሩን ሲያቃጥል በሩ ነደደ፤ እሷ ከአመድ ውስጥ ተገኘች። በጣልያን ጊዜ ደግሞ አባባ ጎታ ውስጥ፣ እህል ሥር ቀብሮ አተረፋት። ከክንድ ትንሽ ታጥራለች፤ ጥቁር ብረት። የምትከፍተው በር የላትም። የምትከፍተው ማኅፀን ነው ይላሉ። በውኃ ትታጠባለች፣ የምታምጠው ሴት ውኃውን ትጠጣለች፣ ቁልፊቱ ራስጌዋ ትሆናለች፤ እስክትወልድ አትነሣም።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም፤ ይኸ ነው የሚያስፈራው። ከዛሬ ጀምሮ ተሸካሚው አንተ ነህ አለኝ። መላኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀንህን ጠብቅ አለኝ፣ እኔም ከኋላ ይደርሰኛል።

ከቅኔ ቤት ተባረርኩ፤ ከመንግሥት ት/ቤት ራሴን አባረርኩ። አሁን የዝምታ ት/ቤት ገባሁ ማለት ነው።

ነሐሴ 1፣ ጾም ያዝን

እኅቴን ስንዱን አላስተዋወቅሁሽም፣ ወ/ሮ ደብተር። እታለም ነው የምላት። እናታችን በሕፃንነቴ ነው የሞተች፤ ያደግሁት እታለም ጀርባ ላይ ነው። አሁን የመጀመሪያዋን ልትወልድ አባቷ ቤት መጥታለች። ባሏ ሹፌር ነው፤ አስመራ መንገድ ላይ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ሳይመጣ ቀረ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ረዳት አድርጎ ሊወስደኝ ቃል ገብቷል። ለአባባ አልተነገረም። ዝም በይ።

እታለም አፈ ንጉሥ ትለኛለች፤ አፌ ስለማይዘጋ ነው። እኔ ሆዷን ከበሮ እለዋለሁ። ዛሬ መታ መታ አድርጌ ያሬዳዊ ዜማ ጀመርኩ፤ በማማሰያ አባረረችኝ።

ነሐሴ 3

ልምምድ። እታለም ማማሰያውን እንደ ቁልፍ አስያዘችኝና ግቢውን ዙር አለችኝ። ከኋላ ከኋላዬ እየተንፏቀቀች ታሾፋለች። አዋላጇን እትዬ ብርቄን አስመስላ አነጠሰች፤ ሳቅሁ። እንደገና። መሪጌታው እንቅልፍ ወስዷቸው ከመቋሚያቸው ጋር ሲወድቁ አሳየችኝ፤ ሳቅሁ። እንደገና። አንተ ልጅ፣ የሰው ሚስት ታስገድላለህ አለችኝ። እሸት በቆሎ አማረኝ አለች። ከመሪጌታው ጓሮ አመጣሁላት። (ነገ ንስሐ።)

ማታ አባባን አንድ ነገር ጠየቀችው። ሁለት ሴቶች ባንድ ቀን ቢጠይቁስ? ቀድማ ለጠየቀች ነው አላት። የጠባቂው ቤትስ? ሳትወጣ ሦስት ጊዜ ቤቱ ይጠየቃል፤ የፈለገ ከተናገረ ትቀራለች፤ ካልተናገረ ትሄዳለች፤ አንዴ ከደጅ ከወጣች ተመልሳ አትጠራም። እታለም ራሷን ነቀነቀች። ቆሎዋን ቆረጠመች።

ነሐሴ 6፣ ከኮላ ድባ ወዲህ ካለ መንደር፣ አመሻሽ

ደረስኩ! አልተናገርኩም፣ አልዞርኩም! እስከ ጉልበቴ የደምቢያ ጭቃ ነኝ።

ሰውየው ጎሕ ሲቀድ ደረሰ። አያ ተገኘ ይባላል። ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ምጥ ከያዛት ቆይታለች፤ ቆሞ ከማልቀስ በቀር ሌላ አልሆነለትም። አባባ ቁልፊቱን በነጭ ጨርቅ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። በቤቴ የሚፈልጋት አለ? ዝም። ሁለተኛ። ዝም። ሦስተኛውን ሲጠይቅ እጄ ላይ እያኖራት ነበር። እታለም ከጓዳ፦ «በዚህ ቤት ያማጠ አፈ ንጉሥ ብቻ ነው፤ ዝምታ ጠንቶበታል!» አለች።

ቁልፊቱ እጄ ገብታለች። መሳቅ የለ፣ መመለስ የለ። ከንፈሬን ነክሼ ወጣሁ። መልሷን ግን መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ውያለሁ፤ ስመለስ ታገኛታለች።

አሁን ደግሞ ስሚ። ከአዘዞ አልፈን፣ መገጭ ድልድይ ልንደርስ ስንል፣ ማን መጣ? መላኩ! ቀኑን ጠብቆ! ከኋላ እየሮጠ ይጮሃል። ዳኘው፣ ስንዱን ምጥ ያዛት፤ ጠንቶባታል፤ ተመለስ! በሆዴ ሳቅሁ፤ ፊቴም ፈገግ ሳይል አልቀረም። የኔኑ ትምህርት ለኔው። ደግሞ ድምፁን ሰበር አደረገ። ሳጉን ጨመረበት። እውነቴን ነው፣ ከኔ ይበልጣል፤ እንባ ያለበት ይመስል ነበር። በመድኃኔዓለም ብሎ ማለ። እሱ ላይ ትንሽ ቀፈፈኝ፤ በጾም እንዲህ አይማልም። ስመለስ እነግረዋለሁ።

ድልድዩን ስንሻገር ድምፁ ቀረ። አያ ተገኘ ቀልድ የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ አንዴ ዞሮ አየው፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እርምጃውን አፈጠነ። እኔም ተከትዬ አፈጠንኩ።

ቁልፊቱ የሚስቱ ራስጌ ናት። ውጭ ተቀምጬ ጆሮዬን በሩ ላይ ጥያለሁ። ለካ መጠበቅ እንዲህ ነው።

— እልልታ! ሴት ልጅ! እናትየዋም ደኅና ናት። አያ ተገኘ እግሬን ሊስም ወድቆ አስነሣሁት። ነገ በጠዋት ወደ ቤት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ሸጋ ነገር ሠራሁ። እታለም ምን ትል ይሆን?

ነሐሴ 10

አልችልም።

ነሐሴ 11

ስንዱ ሞታለች። ከነልጇ።

ጻፍኩት። ይኸው ጻፍኩት።

ነሐሴ 12

ስመለስ ከአዘዞ ጀምሮ ያየኝ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይሰብራል። ጭቃዬን አይተው ነው ብያለሁ። ግቢያችን ሰው ሞልቶበታል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ቁልፊቱ እጄ ላይ ናት፤ ለአባባ ሳላስረክብ አፌ አይከፈት። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዝም ብዬ አለፍኩ። እትዬ ብርቄ ደረቷን እየመታች ስሜን ጠራች። ዝም አልኳት። በዓይኔ እታለምን እፈልጋለሁ፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ እንድትነግረኝ።

አባባ መደቡ ላይ ነበር። ቁልፊቱን ሰጠሁት። ማን? አልኩ።

ቀብሩ ጠዋት ተፈጽሟል።

ነሐሴ 13

እትዬ ብርቄ የነገረችኝ። ምጡ የጀመራት ዶሮ ሲጮህ ነው። ነጠላዋን ነክሳ ድምፅ አላሰማችም። ሰውየው ደጅ ላይ ሲያለቅስ ሰምታዋለች። ያቺ ሩቅ ናት፣ እኔ ከቁልፊቱ ጋር አንድ ቤት ነው ያደግሁ፤ ታውቀኛለች፣ ትጠብቀኛለች ብላለች። እኔ ከወጣሁ በኋላ ባሰባት። ብርቄ ቁልፊቱን ጥሩ ብትል አባባ ከደጅ ከወጣች አትጠራም አለ። መላኩ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ ሮጠ። ከሰዓት በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ይዘዋት ወጡ። ከነገሥታቱ ግንብ አጥር ጥግ፣ መንገድ ላይ አለፈች።

ያን ሰዓት እኔ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ለመልሷ መልስ እያሰናዳሁ።

ነሐሴ 17

ጾሙ ትናንት ተፈታ። እኛ ቤት ማንም ምንም አልፈታ።

ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ያወድሰኛል። እኅቱ በምጥ እያለች ተጠርቶ አልዞረም ይላሉ። እንዲህ ያለ ተሸካሚ በአያቶቻችንም አልነበረ ይላሉ። መሪጌታው ሳይቀሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በቆሏቸውን የሰረቅሁ እኔን።

አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ሥርዓት ጠብቄ አይደለም። ቀልድ መስሎኝ ነው።

እውነት መሆኑን ባውቅ እዞር ነበር። እዞር ነበር? ያቺ የደምቢያ ሴትስ? አላውቅም። ከባዱ ነገር ከኋላዬ ሲመጣ እየሳቅሁ አለፍኩት።

ነሐሴ 24

ባሏ ዛሬ ደረሰ። ማኪናውን በር ላይ አቁሞ መውረድ አቃተው። ለልጁ የሱፍ ኮፍያ ገዝቶ ነበር፣ ከአስመራ። ኮፍያው ቢጫ ነው። አባባ ተቀብሎ ቁልፊቱ ያለችበት ሳጥን ውስጥ አኖረው። ስለ ረዳትነቱ አላነሣሁም። እሱም አላነሣ።

ማታ አባባ ሳልጠይቀው ተናገረ። ለሦስተኛው ጥያቄ ስትመልስ ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር አለኝ። ሰምቷል። ሳቅ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ አለ። ይቺ ቤት መቼ ሳቅ ጠፍቶባት ያውቃል አለ።



ነሐሴ 28

መላኩ አይመጣም። እኔ ሄድኩ። የቤቱን ክዳን ይጠግናል፤ አልወረደም። ከታች ሆኜ ምነው ፊቴን አቋርጠህ አላቆምከኝም አልኩት። የዚያችን በር እዘጋባታለሁ ብዬ ፈራሁ አለ። ሰውየው እኮ ዞሮ አየኝ፣ ፊቴን አየ፣ እሱ ይነግረዋል ብዬ ጠበቅሁ አለ።

ከዚያ ሣሩን ጥሎ ፊቱን ሸፈነ። መሰላሉን ወጣሁ። ክዳኑ ላይ ሁለታችንም ተቀምጠን ዘነበብን።

ጳጉሜ 1፣ ረፋድ

አያ ተገኘ መጣ።

ከውጭው አጥር አልገባም። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ትልቅ። ከመገጭ ወዲህ ተሸክሞት እንደመጣ የተከተሉት የሰፈር ልጆች ነገሩን። ሚስቱ ከኋላው፣ ሕፃኗን አዝላ። ደም ያፈሰሰ ሰው እንዲህ ሆኖ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ይኸ ግን ማንን ገደለ?

አጎንብሶ እንዳለ ተናገረ። ያ ልጅ እውነቱን እንደሆነ ፊቱን ሳየው አውቄያለሁ። እንባው የቀልድ አልነበረም። አንተ ፈገግ ስትል አየሁህ፤ አለማመንህን አወቅሁ። ብነግርህ ትመለሳለህ። ሚስቴን አሰብኩ። አፈጠንኩ።

ሁሉ ሰው ያየኛል። አባባም። መሪጌታው ይቅር በል እያሉ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል። አንድ ወር በፊት ቢሆን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አስቅ ነበር።

ልጠላው ፈለግሁ። ሕፃኗ አለቀሰች። አንገቷ ገና አይቆምም።

ድንጋዩን አነሣሁለት። ከባድ ነው። የት እንደማኖረው ጠፋኝ፤ ይዤው ቆሜ ቀረሁ። መላኩ ነው መጥቶ ያገዘኝ። እታለም ማማሰያ ይዛ የምታባርረኝ ቦታ፣ በሩ ጥግ አኖርነው። እዚያው ይኑር።

ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ማለዳ

ዝናቡ ተቀደሰ ብለው ልጆቹ ራቁታቸውን ይጠመቃሉ። ጩኸታቸው እስከዚህ ይሰማል። ዓምና ዛሬ እታለም ባልዲ ሙሉ ከጣሪያ ላይ ቸለሰችብኝ፤ ዛሬ አፍህም ይጠመቅ እያለች።

አንድ ሰው ከአዘዞ መጥቷል። ምጥ የያዛት ምራቱ ናት። ሌላ ጠያቂ የለም፤ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዛሬ ገና ነው ሳጥኑ የተከፈተ። አባባ ቢጫውን ኮፍያ ወደ ጎን አድርጎ አወጣት። ደጃፉ ላይ ቆመ። በቤቴ የሚፈልጋት አለ? ጓዳው ዝም አለ። ሁለተኛ። ዝም። ሦስተኛው አልወጣለት አለ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቁልፊቱ ገና በሱ እጅ ናት፤ አፌ የኔ ነው። ሦስተኛውን እኔ ጠየቅሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ወደ ጓዳው። ጠበቅሁ። ሰው ሲስቅ የሚቆይበትን ያህል ጠበቅሁ።

ከዚያ ለአባባ ነገርኩት። እሸከማለሁ። ተሸክሜ ግን ከኋላዬ የጠራኝ ቢኖር፣ ቀልድም ይሁን፣ ውሸትም ይሁን፣ እዞራለሁ። ፊቱን አያለሁ። ከደጃችን እንደገና መጀመር ካለብኝ ሮጬ እጀምራለሁ። ይኸ ሥርዓት ማፍረስ ከሆነ ሌላ ተሸካሚ ይፈልግ። አባባ ነጩን ጨርቅ አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

እንግዲያ ቶሎ ቶሎ ሂድ አለኝ።

ይቺን ልጽፍ ብቻ ነው የተመለስኩት። መላኩ ከኋላ ይከተለኛል፤ እኔ ነኝ የለመንኩት። ደብተሬ፣ አንቺ እዚህ ቆዪ። አባባ እጁን ዘርግቷል፣ ሰውየው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔም —