ለደመወዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

ውድ ሉሊት፣

ይህን ወረቀት የሰጡሽ ጋሽ ዘሩ አሁን በርሽ ላይ ቆመዋል። ግቡ ብትያቸው አይገቡም፣ ወንበር ብታወጪላቸውም አይቀመጡም። ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ታገኚዋለሽ። እስከዚያው አታባሪያቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስድቡም ለእኔ ይቆይልኝ። ብደውል አታነሺም፣ መልእክት ብልክም አትመልሺም። እውነትሽን ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ስልኩን ሽንፋ ወንዝ ውስጥ እወረውረው ነበር።

አንቺ የምታውቂው ከአጥሩ ወዲያ የሆነውን ነው። ከአጥሩ ወዲህ የሆነውን ደግሞ እኔ ልንገርሽ።

ወንድምሽ እርሻ ላይ ስቀጠር ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። የተስማማነው ትራክተር ልነዳ፣ ላርስና ልዘራ ነው። ብዙም ሳይቆይ የውሃ ቦቴውን መጎተት የእኔ ሆነ። ማረሻው ሲሰበር መበየድም የእኔ ሆነ። ሾፌሩ ጥሎ ሲሄድ ጉልበት ሠራተኛውን ከሽንፋ ማመላለስም የእኔ። "ጀይሉ አለ አይደል!" ነበር የእርሻው ካምፕ ቋንቋ። ደመወዜ ግን የገባሁ ቀን የቆመበት ላይ ቆሞ ቀረ።

ደግሞ ሥራው አልከበደኝም፣ አልዋሽሽም። በዚያ ሁሉ ጭቃ ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ የምመላለሰው ለምን ይመስልሻል? ፊልትሮ ካምፕ ውስጥ ሞልቷል። አንቺ መለዋወጫ ሱቃችሁ ውስጥ ቁጭ ብለሽ "ይህ ትራክተር ፊልትሮ ይበላል እንዴ?" ያልሽኝ ቀን ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ጀሪካን ገልብጠሽ "ና ደገኛው፣ ጥላው ላይ ቁጭ በል፣ ፀሐዩ ሳይገድልህ" አልሽኝ። ልሄድ ስነሳ "ዕቃ ባይጎድልህም ና" አልሽ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን ካምፕ እስክደርስ በየት በኩል እንደነዳሁ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ አንድ ሆነ። ግን ምን ይዤ ልጠይቅሽ? ወንድምሽ "ምን አለህና ነው?" ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሚከፍሉኝን ከእኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው! ስለዚህ መጀመሪያ ደመወዙ ይጨመርልኝ፣ ክፍል ልከራይ፣ አልጋ ልግዛ፣ ከዚያ በኋላ ሉሊት፣ አልኩ። ቅደም ተከተሉን አየሽልኝ? አንቺን ከአልጋው በኋላ! ጅል ነኝ።

ገና መቀጠሬ ስለሆነ መጠየቁ ራሱ ነውር መሰለኝ። ወንድምሽ ወደ ካምፕ በመጡ ቁጥር "ዛሬስ እነግራቸዋለሁ" ብዬ እጠጋለሁ፣ ከዚያ ስለ ሞተር ዘይት አውርቼ እመለሳለሁ። ጋሽ ዘሩ ከጥበቃው ማማ ላይ ሆነው ይህን ሲያዩ ከርመዋል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የኖሩ ሰው አይደሉ፣ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው" አሉኝ አንድ ቀን፣ "ትልቅ ሰው የሚለመነው በትልቅ ሰው ነው። ሽማግሌ እንልካለን።"

"ለደመወዝ ሽማግሌ? ሰው ይስቅብናል እኮ!"

"ለደም ይላካል፣ ለድንበር ይላካል፣ ለትዳር ይላካል። ደመወዝ ከምኑ ያንሳል? ኸላስ፣ በቃ፣ ለእኔ ተወው።"

ተውኩላቸው። "ለምን ፈለግኸው ቢሉኝስ?" አሉኝ። "ጎጆ መውጣት አስቤ ነው ይበሏቸው" አልኩ። ስምሽን ግን ከአፌ አላወጣሁም።

እሑድ ገንዳ ውሃ ቤታችሁ መጡ። ጋሽ ዘሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬና አንድ ቄስ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው። እኔ ከቆርቆሮው አጥር ውጪ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቀረሁ። አንቺ ሽማግሌ መምጣቱን እንዳየሽ በጓሮ በር ዞረሽ አገኘሽኝ። ቀሚስ ቀይረሽ ነበር። ይህን አሁን ነው የማስታውሰው፤ ያን ጊዜማ ዓይን ነበረኝ እንዴ?

"አንተ! እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ለሰው አይነገርም?" አልሽኝ።

"አፍሬ ነው" አልኩ። እውነቴን ነበር። ስለ ደመወዙ የሰማሽ መስሎኝ ነበር።

"ጋሼ እምቢ ቢልስ?"

"እሳቸው እሺ ይበሉኝ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።"

"ሌላው?" አልሽ። "ሌላው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው?"

እኔ ቀልድሽ ነው ብዬ ሳቅሁ። አንቺም ሳቅሽ፣ ግን ነጠላሽን ሳብ አድርገሽ ቶሎ ገባሽ።

ወዲያው ከውስጥ የወንድምሽ ድምፅ መጣ። ግቢው ውስጥ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ወንበር ተደርድሯል፣ "ተቀመጡ እንጂ" ይላሉ። ጋሽ ዘሩ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

"ደህና። ምን እግር ጣላችሁ?"

"ጌታዬ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው" ብለው ጀመሩ ጋሽ ዘሩ። እኔ ውጪ ሆኜ ራሴን ያዝሁ። "ልጃችን ጀይሉ ከእጅዎ ነው ያለ። አይጠጣ፣ አያመሽ፣ የሰው አይነካ። ሰው ነውና ጎጆ መውጣት አምሮታል። ያለ እርስዎ ፈቃድ ደግሞ አይሆንለትም።"

ደመወዝ ይበሉ እንጂ፣ ደመወዝ ይበሉ፣ እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። ይባስ ብለው ቄሱ "የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው!" አሉ። ለካ ለእሳቸውም የመጡበት ጉዳይ በቅጡ አልተነገራቸውም!

ወንበር ወደቀ። "እህቴን?" አሉ ወንድምሽ። "ትናንት የቀጠርሁት ልጅ ዛሬ አማቼ ሊሆን? ሉሊት! ነይ ውጪ!"

በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁሽ። አንገትሽ ቀና ብሏል።

"ይህን ነገር ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"አውቃለሁ!" ብለው ደገሙት ወንድምሽ።

"እኔም እፈልገዋለሁ። አንተ እምቢ ብትል እንኳ የእኔ ቃል ይኸው ነው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት።"

ሉሊት፣ እንዲህ ያለ ቃል ሰው ስለ እኔ ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ በሩን በርግጄ ገብቼ "አዎ፣ ለሷ ነው የመጣነው" ማለት ነበረብኝ። ይህችው ናት። ይህችን ማለት አቃተኝ። እግሬ ከኒሙ ጋር አብሮ የተተከለ መሰለኝ። ጋሽ ዘሩ ደግሞ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። "ኧረ የለም፣ የለም ጌታዬ" አሉ። "እኛ የመጣነው ለደመወዝ ጭማሪ ነው።"

ከዚያ ወንድምሽ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ! "ደመወዝ! ደመወዝ ነው እንዴ? እግዜር ይስጣችሁ! ጨምሬለታለሁ፣ ካሰበው በላይ ጨምሬለታለሁ! ተቀመጡ እንጂ፣ ተቀመጡ!" ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸው ሆኖላቸዋልና ተቀመጡ። ወንድምሽም የወደቀውን ወንበር አንስተው ተቀመጡ። መሐል ላይ አንቺ ብቻ ቆመሽ ቀረሽ። ወደ አጥሩ ዞረሽ አየሽ። የቆምሁበትን ታውቂው ነበር።

በማግስቱ ጎንደር አክስትሽ ዘንድ መሄድሽን ሰማሁ።

ወንድምሽ ካምፕ መጥተው ትከሻዬን ይዘው "ጭማሪው ያንተ ነው፣ በርታ። የእህቴ ስም ግን ከአፍህ እንዳይወጣ" አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይህንንም እወቂው፣ ዝም አልኩ። አረሙ ወጣ፣ አጨዳው ደረሰ፣ ሰሊጡ ታስሮ በየሂላው፣ በየክምሩ ለመድረቅ ቆመ፣ እኔ እንደ ዲዳ እነዳለሁ። ጭማሪውን በተቀበልሁ ቁጥር አንቺን የሸጥሁበት መሰለኝ።

በመጨረሻ አልቻልሁም። ገንዳ ውሃ ሄድሁ። ለደመወዝ ሽማግሌ የላክሁት ሰውዬ፣ ላንቺ ብቻዬን ገባሁ። ያው ራኩባ ሥር ነበሩ። ስለ ሞተር ዘይት አላወራሁም።

"ጋሼ፣ ጭማሪውን ይውሰዱት። እኔ ሉሊትን ልጠይቃት ነው" አልኩ።

"አብደሃል?"

"ያበድሁስ ያን ቀን ነበር። ያን ቀን አጥር ሥር ቆሜ ዝም ስል።"

ይመቱኛል ብዬ ነበር። "የትራክተሩን ቁልፍ አስቀምጥ" አሉ። ሰሊጡ ሳይወቃ፣ ኦፕሬተር በጠፋበት ሰዓት! አስቀመጥሁና ወጣሁ።

አሁን አብርሃ ጅራ ከተማ ነኝ። ወይዘሮ ዋሲላ የሚባሉ ባለ እርሻ "ስንት ይከፈልህ?" ሲሉኝ፣ በገዛ አፌ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነገርኋቸው። "ደፋር ነህ" አሉና ቀጠሩኝ። ድፍረቱን ከማን እንደተማርሁት አልነገርኋቸውም።

እንግዲህ ወደ ጋሽ ዘሩ ልመለስ። ሽማግሌ ወደ ወንድምሽ አልላክሁም፣ ጎንደር ድረስ ወደ ራስሽ ነው የላክሁት። መጀመሪያ ተቆጡኝ። "ሽማግሌ ወደ ልጅቱ አይላክም፣ ወግ አይደለም" አሉ። "ጋሽ ዘሩ፣ ያን ቀን ሁላችሁም ስትቀመጡ ቆማ የቀረችው እሷ ናት" አልኳቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን አነሡ።

ምሳሌ እንዳያበዙ አስምዬያቸዋለሁ። ጠይቂያቸው፣ የሚሉሽ ይህን ብቻ ነው፦ "ጀይሉ ይወድሻል፣ እንድታገቢው ይለምንሻል።" ስለ ደመወዝ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። መልስሽን ሳይሰሙ አይቀመጡም። እሺ ካልሽ "ተቀመጡ" በያቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደስ ይላቸዋል። እምቢ ካልሽም እንደቆሙ ይመለሱ፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ አይቀየሙሽም። እኔም አልቀየምሽም።

አንቺ ግን ይህን ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ፣ መልስሽ የትኛውም ቢሆን፣ እባክሽ ቁጭ በይ።

ዕቃ ሳይጎድለው የሚመጣው፣
ጀይሉ
አብርሃ ጅራ