ያለ ተራዬ የከፈትኩት ቁጥር

ኅዳር 3፣ ጠ. 1፡30

ዛሬ የውኃ ተራው የላይኛው ሰፈር ነው፤ መስመሩን ከፍቼ መመለሴ ነው። ቫልቩ ዝጎ አልዞር አለኝ፤ እጄ ተላጠ። እማማ ብርቄ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቁኝ ነበር። እንደ ልማዳቸው መረቁኝ፤ ለዘመድ የማያደላ፣ ተራ የሚያከብር ልጅ አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ደብተሬ፣ ለአንተም ያልነገርኩህ ነገር አለ። ቆይ።

መጀመሪያ የትናንቱን። ዕጣ ወጣ፣ ለእመቤት ደረሰ። ጌትነት ለእሱ የወጣ ይመስል ባጃጁን ደጅ አቁሞ እስክስታ ወረደ። ታውቃለህ፣ የኳስ ጌሙን ዲስክ ሦስት ሆነን ነው የገዛነው፦ እኔ፣ ባለ ባጃጁ ጌትነት፣ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ የምትሠራው እመቤት። እንደ ጽዋ ማኅበር በየሳምንቱ ከቤት ቤት ሊዞር፣ ተረካቢው ቆሎ ሊያቀርብ። ሙሴው እኔ ነኝ። ዕቃው እኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ ተራ እኔ አስከብራለሁ። የደብራችን መሪጌታ ቢሰሙ ምን እንደሚሉን እንጃ።

ችግሩ ዲስኩ አሮጌ መሆኑ። ካምፓኒው በሰው እጅ ያለፈውን ዲስክ ኦንላይን ገብቶ ከሩቅ ሰው ጋር እንዳያጫውት ቆልፎታል፤ ሁለተኛው ባለቤት እንደገና ይክፈል ይላል፣ ያውም በውጭ አገር ካርድ። እኛ ያን ካርድ ከየት እናመጣለን? ግን ጋሸና ያሉት ነጋዴ ጋሽ ይማም የሸጡልን ሳጥን ውስጥ አንዲት ወረቀት ነበረች። የፊተኛው ባለቤት ያልተጠቀመባት የመክፈቻ ቁጥር። አንድ ጊዜ፣ በአንድ የጌም ማሽን ብቻ ትሠራለች። ጋሽ ይማም ማንም አልነካትም፣ ወላሂ ብለው ነው የሰጡን። ዕጣ የወጣለት በማሽኑ ይከፍታታል፣ የቀረነው እሱ ቤት እየሄድን እንጫወታለን ተባባልን።

እመቤት ቁጥሩን አስገባች። ጥቅም ላይ ውሏል አላት። ደግማ አስገባች። ያው ነው። የጌትነት ፊት ጠቆረ። ስልኩን አወጣና ጋሽ ይማም ዘንድ ደወለ፤ አንቱታውን ትቶ፣ አንተ ሌባ አላቸው። የአባቱን እኩያ። እመቤት ወረቀቷን አገላበጠች። እኔ ቆሎ ቆረጠምኩ።

ኅዳር 5፣ ከሰ. 9፡00

እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ቁጥሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዲስኩ ከጋሸና በመጣ ማግሥት፣ ዕጣው ሳይወጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ልሞክራት ብቻ ነበር ያልኩት። ከሠራች አጠፋታለሁ፣ ዕጣ ለወጣለት ትተርፋለች ብዬ። እንዲህ ያለውን የጅል ወሬ ሰው ለራሱ ብቻ ነው የሚያወራው። ከማሽኔ ጋር ተጣብቃ ቀረች። ሁለት ግጥሚያ ተጫወትኩ፣ አገሩን ከማላውቀው ሰው ጋር። ሁለቱንም ተሸነፍኩ። ሁለተኛውን አምስት ለባዶ።

ለዚህ ነው እንግዲህ የሰው ስም የሸጥኩት።

ስድስት ዓመት ሙሉ የራሴን ሰፈር ውኃ ከተራው አንዲት ደቂቃ አስቀድሜ ከፍቼ አላውቅም። እናቴ ለምናኝ እንኳ አልከፈትኩላትም፤ ሳምንት አኩርፋኛለች። አፈርኩ ደብተሬ። እነግራቸዋለሁ። ነገ።

ኅዳር 6

አልነገርኩም።

ኅዳር 8፣ ከሰ. 11፡30

ጌትነት ነገሩን አልተወም። ስልክ ላይ ባለው የጌመሮች ግሩፕ ጻፈው፤ ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። መናኸሪያም ለሾፌሮች አወራ። ከይማም ሱቅ ዕቃ እንዳትገዙ፣ በሐሰት ይምላል እያለ።

ጋሽ ይማም ዛሬ ለእኔ ደወሉ። ሙሴያቸው አንተ ነህ ብለው። ሠላሳ ዓመት በነገድኩበት ከተማ ሰው ሱቄን ሲያልፍ ይጠቋቆማል አሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አሉ። የሚቀጥለው ሳይሆን የዚያኛው እሑድ ሽማግሌ ይቀመጥልኝ፣ ጋሸና ኑልኝ፣ ቁርአን መትቼ እምላለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፦ "አንተ እንኳ እመነኝ፣ የኔ ልጅ።"

እስቲ እናያለን አልኳቸው። እስቲ እናያለን! ምላሴን ቢያስረው ምን ነበረበት።

ኅዳር 11፣ ከሰ. 7፡00

መብራት የለም። ከጠዋት ጀምሮ።

አንድ ባለ ሆቴል እንግዳ መጥቶብኛል፣ ቫልቩን ሁለት ሰዓት ቀደም አድርገህ ክፈትልኝ ብሎ ለመነኝ። ስለ ተራ ረጅም ስብከት ሰበክሁት። ሕዝብ፣ አደራ፣ ኅሊና ወ.ዘ.ተ.። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ለእመቤት ልነግራት። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ብቅ አለች። ምነው ጠቆርክ፣ አሞህ ነው? አለችኝ። ሆዴን አልኳት። የሰገራ ምርመራ ዕቃ ሰጠችኝ። ይዤው ወጣሁ።

ኅዳር 14፣ ከሰ. 11፡00

ደብተሬ! ቀረ! ክፍያው ቀረ!

ካምፓኒው ሰረዘው። በሰው እጅ ያለፈ ዲስክ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ቁጥር፣ ያለ ካርድ ኦንላይን ይገባል። ሌሎቹም ካምፓኒዎች እየተከተሉት ነው ይባላል። ግሩፑ ሠርግ ቤት መሰለ። የወልድያው ልጅ ተመስገን፣ ተመስገን እያለ ገጹን ሞላው። የኮምቦልቻው፣ ሳላይ አላምንም፣ ደግሞ በሌላ በር ሊመጡብን ነው አለ። ደሴ ያለው ባለፈው ወር ዱባይ ባለች የአክስቱ ልጅ በኩል አስከፍሎ ነበር። እሱ ይሳደባል። ልመናዬን ማን ይመልስልኛል፣ የእሷንስ ውለታ ምን ላድርገው ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ሁሉም ሳቀበት። እመቤት የጻፈችው ሁሉንም ዘጋ፦ ሸማኔ ጋቢውን ከሸጠ በኋላ፣ ለባሹ ለወንድሙ በሰጠው ቁጥር ዋጋ ልቀበል ይላል ወይ? ከመጀመሪያውስ ምን ባይ ነበሩ?

ጌትነት ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። እመቤት ቤት ገባን። ስልኬን ሆትስፖት አደረግን፣ ዲስኩን ከተተች። ዞረ። ቆመ። ዞረ። ጌትነት አማተበ። ገባ! እመቤት ጆይስቲኩን እንደያዘች ጮኸች፤ የጎረቤት ውሻ መለሰላት። የደሴውን ተሳዳቢ እዚያው አግኝታ ሦስት ለአንድ ሸኘችው። ሦስታችንም ወንበር ላይ ቆመን ነበር።

ዳንኩ። ወረቀቷ ከዛሬ ወዲያ ቁራጭ ወረቀት ናት። ማን ከፈታት ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሸክም ወረደልኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ እህል እንደ ልቤ የበላሁት ዛሬ ነው።

ኅዳር 15፣ ጠ. 2፡00

ጾም ገባ። ደስታው አድሯል፣ ግን ጎድሏል። የከነከነኝ ትናንት ስንለያይ ጌትነት ያለው ነው። ነገ ጾም ነው፣ ቂም ይዤ አልጾምም፣ በቃ ይማምን ይቅር ብለነዋል አለ። እመቤትም እሺ አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ያልበደሉንን ሰው ይቅር አልናቸው፣ ደብተሬ። መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ይሻል ነበር።

እዚያው ቀን፣ ከሰ. 8፡00

ጋሽ ይማም ደወሉ። ክፍያው መቅረቱን ነገርኳቸው። አሁን ሁላችንም እንጫወታለን፣ ነገሩ አበቃ አልኳቸው። እሰይ፣ ደስ ይበላችሁ አሉ፣ ከልባቸው። ቀጠሉና፦ "እኔ ግን ዲስክ ብቻ አይደለም የሸጥኩት፣ ወላሂ ብዬበታለሁ። እሑድ ኑልኝ።" ዘጉት።

ክፍያው የቀረው ለእኛ ነው። እሳቸው አሁንም ሌባ ናቸው። እኔ የዳንኩ ቀን እሳቸው የባሰ ተቀበሩ፤ ጉዳዩ ተረሳ ማለት ስማቸውን የሚያጣራ ጠፋ ማለት ነው። በቃኝ። አርብ ሦስታችን ስንገናኝ እናገራለሁ። እዚህ ጽፌዋለሁ፣ አንተ ምስክር ነህ።

ኅዳር 17፣ ከሰ. 10፡30

ነገርኳቸው። እመቤት ቤት፣ ዲስኩ መሃላችን ተቀምጦ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ደጋግሜ ጠረግኩ፤ ቆሎ ያነቀኝ መስሏቸው ውኃ ሰጡኝ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት። ቅዳሜውን፣ ወረቀቷን፣ ዕጣው ሲወጣ እያወቅኩ ዝም ማለቴን፣ የእሑዱንም የጋሸና ቀጠሮ።

ጌትነት ተነስቶ ቆመ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝ በወደድኩ። በእኔ አፍ ነው ሽማግሌ ያሰደብከው አለ። አንቱ የሚባሉትን ሰው አንተ ስል ቁጭ ብለህ ቆሎ ትበላ ነበር አለ። እውነት ነው። ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

እመቤት የቆሎውን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ለመሆኑ አሸነፍክ? ሁለቱንም ተሸነፍኩ አልኳት። ስንት ለስንት? አምስት ለባዶ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። ከዛሬ ጀምሮ ሙሴዋ እኔ ነኝ፣ አንተ ተራ አስከባሪ አትሆንም አለች። ሳጥኑን ከፊቴ አንስታ መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችው። ይገባኛል።

ግን ቀለለኝ። የማክሰኞው ደስታ እንዲህ አልነበረም።

ኅዳር 18

ጌትነት ስልክ አያነሳም። ጋሸና ብቻዬን መሄዴ ነው። በስልክ ብነግራቸውስ ብዬ ነበር። አይሆንም። የተሰደቡት በስልክ ነው፣ ይቅርታውም በስልክ ሊሆን ነው? ጠዋት በመጀመሪያው መኪና።

ኅዳር 19፣ ምሽት 12፡30

ከጋሸና ገባሁ። ጠዋት ስሄድ ጌትነት ለካ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ኖሯል። እስከ ጋሸና አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን የመስኮቱን ቦታ ለቀቀልኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ሐጂ፣ አንድ ቄስ። ሱቁ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። የጭነት መኪናው አላቋርጥ ስላለ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ጥፋቴን ጮኼ ተናገርኩ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ሰማኝ። ይሁን።

ጋሽ ይማም አልተቆጡም። ጉልበታቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ቁርአኑ ነው። በመዳፋቸው ዳሰሱት። "እውነቴን ይዤም እጄ ይፈራ ነበር። ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። አልሐምዱሊላህ፣ ሳልመታ ደረስክልኝ።" ጨርቁን አጥብቀው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጓዳ መለሱት። እኔ ስማቸውን ብቻ ያጠፋሁ መስሎኝ። ለካ መሐላ አፋፍ ላይ አቁሜያቸው ነበር። ሲመለሱ ትከሻቸው ወርዶ፣ ፊታቸው ተፈቶ ሌላ ሰው መስለዋል።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። ይቅር ለእግዜር አልኩ። አፉ ብያለሁ፣ አብሽር ብለው አነሱኝ። ጌትነትም ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ፤ አንቱ፣ አንቱ እያለ፣ የቀረበትን ሁሉ ሊሞላ። ቄሱ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉ። ስማቸው በጠፋበት ቦታ ሁሉ፣ ባጠፋው አፍ ይመለስ። በግሩፑም፣ በመናኸሪያውም። ካሣ የለም።

ጾመኞች ናቸው ብለው ጋሽ ይማም ከጎረቤት ሽሮ አስመጡልን። እንዲህ የጣፈጠኝ ሽሮ የለም። ስንመለስ ጌትነት አወራኝ። ስለ ጎማ ነው፣ ግን አወራኝ።

ኅዳር 20፣ ጠ. 12፡30

ማታውኑ ግሩፑ ላይ በስሜ ጻፍኩ። አያሌው ነኝ፣ ቁጥሩን ያለ ተራዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ይማም እውነት ተናግረዋል። ጌትነትም ከሥሩ ጻፈ፤ መናኸሪያ ደግሞ ዛሬ ለሾፌሮቹ ይናገራል። ሰደቡኝ። የደሴው ከሁሉም አብልጦ ሰደበኝ፤ ለክፍያው ያዘጋጀው ስድብ ተርፎት ነበር። አምስት ለባዶውንም ስላልደበቅኩ ስሜ እሱ ሆኗል። ይጥሩኝ።

አዲሷ ሙሴም ወሰነች። ጋሽ ይማም አራተኛ ማኅበርተኛ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ማሽን አለ፣ ግን ስንት ዓመት ሲሸጡ ጆይስቲክ ጨብጠው አያውቁም፤ እመቤት በስልክ ልታስተምራቸው ነው። የመጀመሪያው ተራ የእሳቸው ነው፣ ዲስኩ ዛሬ በሚኒባስ ይላካል። ቀጥሎ ጌትነት። ቀጥሎ እሷ። እኔ መጨረሻ፣ ታኅሣሥ 11። ቆሎውን ግን በየሳምንቱ እኔ አቀርባለሁ ተብሏል።

እጠብቃለሁ።

እማማ ብርቄ ጀሪካን ሲጎትቱ ይሰማኛል። ዛሬ የላይኛው ሰፈር ነው። የእኛ ነገ። የቫልቩን ቁልፍ ይዤ ልውጣ።