በጥቁር ልብሴ ታንጎ ጀመርኩ

ውድ ካሌብ፣

ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ልልህ ነበር፤ እዚያ ወሬ እንደማይደርስ ረስቼ። ታንጎ የሚሉትን፣ ተቃቅፈው የሚደንሱትን ዳንስ መማር ጀምሬአለሁ። አዎ፣ እኔ ሙሉጌጥ፤ በሰርጋችን ቀን እንኳ ለጭፈራ ጎትተህ ያስነሳኸኝ።

ሰበቧ ፌቨን ናት፤ ታውቃታለህ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አብራኝ የምትሠራው። ምሳዬን ሁልጊዜ ብቻዬን ስበላ እያየች ከረመችና አንድ ቅዳሜ በባጃጅ ጭና ታቦር ሰፈር ወሰደችኝ። ሳምሶን የሚባል ወጣት፣ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ያስተምራል። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ተቀላቅሎ አለ። ጥቁር የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

“መራመድ ነው” አለን ሳምሶን። “ሌላው በኋላ ይመጣል።”

መራመድማ ማን ያቅተዋል ብዬ ነበር። አብሮኝ እንዲደንስ የደረሰኝ ሰው ፍቃዱ የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ መሐንዲስ ነው። እጁን ጀርባዬ ላይ ሲያደርግ መላ ሰውነቴ ደነገጠ። የእኔ ድርሻ እሱ ሲመጣ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ እኔ ግን እሱ ሳይነሳ ቀድሜ እሄዳለሁ። እግር ለእግር ተረጋገጥን።

“ይቅርታ፣ ትንሽ ቢጠብቁኝ” አለኝ በትሕትና።

“መጠበቅ ትቻለሁ።”

ከአፌ አመለጠኝ። እስክረጋጋ ድረስ እሱም አቅፎኝ ቆመ።

ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደራሹ ተሰናብቶ ከሄደ ወዲህ ሰው አቅፎኝ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አበበች ወሬውን ሰምተው ለልጅህ ነገሯት። ሃሴት ከአዲስ አበባ ደወለች።

“እማዬ፣ ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ?”

“አውቃለሁ ልጄ።”

“ከማታውቂው ሰው ጋር ተቃቅፈሽ! አባዬ ቢያይሽስ?”

“አባትሽ የሚያየኝ ቢሆንማ ምን አስኬደኝ? ቤቱ ጭር ብሏል ሃሴት። የሚነካኝ ሰው የለም።”

ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቀረሁ። ሐይቁ ዳር ሄጄ የሚያልፈውን ሰው ሳይ ዋልኩ። ከዳንሱ ብቀርም ሃሴት ስልክ አላነሳችም፤ አንተም አልመጣህም። ባለፈው ቅዳሜ ማንም ሳይወስደኝ ሄድኩ።

እዚያ ለዳንስ የሚጠያየቁት በዓይን ነው። ፍቃዱ ከአዳራሹ ማዶ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። መጥቶ አቀፈኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ደረቱ ወደ እኔ ሲያዘነብል እግሬ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። አዳራሹን ዞርን ካሌብ፤ ማንም ማንንም ሳይረግጥ!

ሙዚቃው ሲያልቅ “አመሰግናለሁ” ብሎኝ ወደ ወንበሩ ሄደ፤ እኔም ወደ ወንበሬ። ሌላ ነገር የለም፤ እንዲኖርም አልፈለግኩም። ግን ከአንተ በቀር ለማንም የማልነግረው አንድ ነገር አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ አንተ ነህ ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ሰው መሆኑን እያወቅሁ፣ ደስ ብሎኝ ተራመድኩ። ባጃጁ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ እሄዳለሁ። ከመውጣቴ በፊት ለሃሴት እደውላለሁ። ባታነሳም እደውላለሁ።

ወዲህ የቀረችው ባለቤትህ፣
ሙሉጌጥ