አውራጅ ያጣው ዘፈን

እማዬ፣

በዚያ ዝናባማ ማክሰኞ አፈር ካለበስንሽ ሰባት ወር ሞላ። እስከዛሬ ዝም ያልኩሽ ወሬ አጥቼ አይደለም። ፊደል ስላልቆጠርሽ በሕይወት ሳለሽ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ስልክ ነበር የምደውልልሽ፣ እሱንም እየተቻኮልኩ። አሁን ስልክሽ እኔው መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ሌላ መንገድ አጣሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ያ የሚያፈሰው የጓዳ ቆርቆሮ ተቀየረ። ቀይዋ ዶሮሽ ጎረቤት ሄዳ መጣል ጀምራለች፤ እንዳንቺ አድርጌ ስለማልጠራት ይሆናል። ቡና ስትለቅሚ የምትቀመጪባትን ዱካ፣ መጋዘኑ ውስጥ ስንት ዓመት ከጎንሽ የለቀሙት አዴ ዘይነባ ይዘውልኝ መጡ። አሁን እሷ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ኖታ የምጽፈው። ወገቤን ታሳምመኛለች። አንቺንም አሞሽ እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም።

የኔም ነገር ተለውጧል። ሆቴል መዝፈኑን ትቼ ሰቃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከጅማ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ያለን አንድ ኪቦርድ ነው፤ ሁለት ቁልፉ አይሰማም። ልጆቹ ግን ኪቦርድ ኖረ አልኖረ ግድ የላቸውም። ብታዪያቸው ለእያንዳንዳቸው የቅጽል ስም ታወጪላቸው ነበር።

ለነሱ መዝሙር ሳስጠና መጋዘኑ ትዝ ይለኛል። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ መሄጃዬ አንቺ ዘንድ ነው። ሴቶቹ ተደርድረው ጥቁሩንና የተሰበረውን ቡና ይለቅማሉ፤ አንቺ ዘፈኑን ታወርጃለሽ፣ እነሱ ይቀበላሉ። ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው፤ አንዴ የሚዛኑን ሰውዬ ትነካኪያለሽ፣ አንዴ የአዴ ዘይነባን ባል። እኩዮቼ ከረጢት ላይ ሲዘሉ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ከድምፅሽ በታች የሚሄደውን የነሱን ድምፅ እከተል ነበር። አዲስ አበባ ሙዚቃ ልማር ስገባ አስተማሪዬ ሁለተኛ ድምፅ መያዝ የት እንደለመድኩ ጠየቀኝ። ከሬዲዮ ነው አልኩት። ከቡና ለቃሚዎች ማለት አፍሬ ነው እማ። ይህንን ስነግርሽ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ጎረቤቱ «ሴት ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» ሲልሽ፣ «ድምፅ የሰጣት አላህ ነው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ» ብለሽ የላክሽኝ አንቺ ነበርሽ።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

የመመረቂያ ሥራዬ የራስን ቅንብር ማቅረብ ነበር። በዕረፍት መጥቼ የመጋዘኑን ዘፈን በአራት ድምፅ ላቀናብር አሰብኩ። አልጋው ላይ ኪቦርዱን ዘረጋሁ፣ ስልኬን ቀረጻ ላይ አደረግሁ፣ መነሻ ድምፅ ሰጠሁሽ፤ ምቱን የሚቆጥረውን መሣሪያ ሳይቀር ከፈትኩብሽ። አንቺም ሻሽሽን አስተካክለሽ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለሽ ተቀመጥሽ። ጀመርሽ፣ አስቆምኩሽ። ጀመርሽ፣ አስቆምኩሽ። ሦስተኛው ላይ «እማ፣ ከቃናው እየወጣሽ ነው» አልኩሽ፣ እንደ አስተማሪ። ከቃናው! ቃናውን ያስያዝሽኝን ሴት! አፍሽን በሻሽሽ ይዘሽ ሳቅሽና «ተዪው ኢንተላ ኮ፣ የኔ ለቡና ነው» ብለሽ ሽንኩርት ልትከትፊ ተነሳሽ። ልጄ ስትዪኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ዘፍነሽ አታውቂም። እኔም የተቀረጸውን አጠፋሁት፤ ሌላ ጊዜ ጥሩ አድርገን እንቀርጻለን ብዬ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው። ሦስት ቀን ብቻ ታመሽ ሄድሽ፤ ድምፅሽ ዛሬ የትም የለም።

አርባሽ እንደወጣ ዘፈኑን ፍለጋ መጋዘን ሄድኩ። ሴቶቹ እጃቸውን ከቡናው ሳያነሱ ተቀባዩን ወዲያው ሰጡኝ፤ አንዲት ትንፋሽ አልተሳሳቱም። «አውራጁስ?» ስል ተያዩ። አዴ ዘይነባ «ወላሂ እኛ መቀበል እንጂ ማውረድ አናውቅም። እሷ በየቀኑ አዲስ ነው የምታወጣው፤ የዛሬውን ነገ አትደግመውም» አሉኝ። እዚያው ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መልሱ ሁሉ አለ፤ ጥሪው ካንቺ ጋር ተቀብሯል።

አንዲት መስመር ብቻ ተገኘች። እኔ ወደ አዲስ አበባ የሄድኩ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አውቶቡሴ ሰኮሩ ከተማ ይደርሳል ብለሽ ባሰብሽበት ሰዓት፣ ድንገት ልቀማሽን አቁመሽ ያወረድሻት ናት አሉኝ፤ ያን ቀን ሁሉም ስላለቀሱ አልረሷትም።

«ሰኮሩን አለፈች ወይ ልጄ፣ ብርድ ልብሷን ረስታ።»

እማዬ፣ ያንን ብርድ ልብስ ታስታውሺዋለሽ? ነብር ያለበትን? በሳምንቱ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላክሽልኝ። የክፍሌ ልጆች በነብሩ ሲስቁ አልጋ ሥር ወተፍኩት። ደርሶሽ እንደሆነ ልትጠይቂኝ ስትደውዪ፣ ሕፃን አይደለሁም፣ ምን ያሳስብሻል ብዬ ተቆጣሁሽ። ደርሶኛል አላልኩሽም። ያን ክረምት ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ አውጥቼ እንደለበስኩትም አልነገርኩሽም።

የትምህርት ማብቂያ በዓላችን ላይ ልጆቹ ዘፈንሽን አቀረቡ። ተቀባዩን በአራት ድምፅ ጻፍኩላቸው፤ ያቺን አንዲት መስመር እኔ ላወርድ ነበር። መጋዘኑ ፈቅዶላቸው ሴቶቹ ከጅማ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ተራዬ ደረሰ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ስንት ዓመት መድረክ ላይ የቆምኩት ሴትዮ! ልጆቹ አፍ አፌን ያያሉ።

ያኔ ከኋላ ሴቶቹ ተቀበሉ። ማንም ሳያወርድ፣ ልክ በቦታው፣ ልክ በትንፋሹ። ልጆቹም ተከተሏቸው።

ሲያልቅ አዴ ዘይነባን ማንም ሳያወርድ እንዴት እንደተቀበሉ ጠየቅኳቸው። «እሷም ሳቅ ሲይዛት ወይ እንባ ሲይዛት ዝም ትል ነበር» አሉ። «እኛ ግን መቀበል አቁመን አናውቅም።»

ዘፈንሽ ወረቀቴ ላይ እንዲሁ ነው የሚቀመጠው፤ ያንቺ ቦታ ባዶ፣ የነሱ ሙሉ። የማላስታውሰውን ከራሴ አልሞላበትም። ክፍል ውስጥም አንድ ልጅ ከቃናው ቢወጣ አላስቆመውም፤ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። አልፎ አልፎ መጠበቅ ሲያቅተኝ ያንቺን ሻሽ አስባለሁ፣ አፍሽን የያዝሽበትን።

ከዚህ ሌላ ያለብኝ አንድ መልስ ነው። ስንት ዓመት ዘግይቷል፤ ግን አንቺ እንደሆንሽ ምንጊዜም ትጠብቂኛለሽ።

ሰኮሩን አልፌያለሁ እማ። ብርድ ልብሱም ደርሶኛል።

ልጅሽ