ይህን ወረቀት ያደረሰችህ ሴት

ለውድ ወንድሜ ለተድላ ወልደዮሐንስ፣
አሰብ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እህልስ ባፍህ ይገባል ወይ? እኛ አንተን ከማሰብ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ክረምቱን ሙሉ ሲያስቸግራት ከርሞ በጋው ሲገባ ተሽሏታል፤ አሁን ከሰፈራችን ከጨለለቂ እስከ ገበያ ምርኩዝ ሳትይዝ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ የሱቁን ጣሪያ በአንድ በኩል አፈሰሰብን፤ ጎረቤታችን አባ ባይሳ ራሳቸው ወጥተው ደፈኑልን።

ይህን ወረቀት በእጅህ የሰጠችህ ሴት ወይዘሮ ሸዋርጋ ትባላለች። ባለፈው ወር መጥታ ስላየችህ መልኳን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ማን እንደላካት ስትጠይቃት እህትህ ናት ብትልህ አላመንካትም አሉ። እውነቷን ነው፤ የላክኋት እኔ ነኝ። እንዴት እንደተዋወቅን ከሥሩ እነግርሃለሁ፤ ቁጣህን እስከ መጨረሻው አቆይልኝ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ከአባባ በቀረችልን ሱቅ ክርና ቁልፍ እየሸጥኩ፣ በመኪናዋም እየሰፋሁ እውላለሁ። ሰው ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ነገር ግን ክር ሊገዛ የገባ ሰው «እንዴት ነሽ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ነው የሚወጣው። በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአባ ባይሳ ልጅ ሎሚ፣ አሁን አስተማሪ የሆነችው፣ አንዲት መጽሔት ይዛ መጣች። መጽሔቷ «የብዕር ጓደኞች» የሚል አዲስ ገጽ ከፍታለች። ስምህን፣ ዕድሜህን፣ ሥራህን፣ ዝንባሌህንና የፖስታ ሣጥን ቁጥርህን ጽፈህ ከጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ትልካለህ። እነሱ ያትሙታል፤ ከዚያ በኋላ ካገሩ ዳር እስከ ዳር ያለ ሰው ይጽፍልሃል፤ አንተም ደስ ላለህ ትመልሳለህ። ሎሚ እዚያው ባንኮኒው ላይ ወረቀት ዘርግታ «በይ ጀምሪ» አለችኝ።

ስሜንና ዕድሜዬን ቶሎ ጻፍኩ። ወለቴ ወልደዮሐንስ፣ ሃያ ስምንት ዓመት። ዝንባሌ የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በገጹ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ከሰው ጋር መጫወት» ብሏል። ሎሚ አንቺም እንደዚያው በይ ብትለኝ፣ እኔ የምወደው ልብስ መስፋትና የሰው ወሬ መስማት ነው አልኳት፤ እሱኑ ጻፍኩ። ከዚያ ስለ እግሬ አሰብኩ። ሎሚ «ፎቶው ጉርድ ነው፤ እግርሽን ማን ያየዋል? ተዪው» አለችኝ። ተውኩት።

በኅዳር መጨረሻ የአባባን ፖስታ ሣጥን ስከፍት አሥራ አንድ ደብዳቤ ወጣ። ያንተ ደብዳቤ ካልመጣ ከሸረሪት በቀር ሌላ ነገር የማይገባበት ሣጥን ነበር እኮ። የሐረር ወታደር፣ የአርባ ምንጭ ዓሣ አጥማጅ፣ የጎባ ተማሪ፣ አሰብ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ የምትመታ ሸዋርጋ የምትባል ሴት። በመተከል ሰፈራ የሚሠራ ጉሉማ የሚባል የጊምቢ ሰውም ነበረበት፤ ጤና ረዳት ነው፣ የአምስት ልጆች አባት። «ኦሮምኛ የማወራው ሰው አጥቼ አፌ ሊዘጋ ነው፤ ከነቀምቴ የመጣ ፖስታ ባይ ደስ ይለኛል» ብሎ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ጽፎልኛል። ለሁሉም መለስኩ። ለማን ምን እንደጻፍኩ እየጠፋብኝ ለአርባ ምንጩ ሰው ስለ ወታደር ቤት፣ ለወታደሩ ስለ ዓሣ የጠየቅሁበት ጊዜ ነበር።

ከጅማ የሚጽፍ አንድ ልጅም ነበር። አራት ደብዳቤ ተጻጽፈን በአምስተኛው ነቀምቴ መጥቼ ልይሽ አለኝ። ያን ጊዜ በልጅነቴ በያዘኝ በሽታ ቀኝ እግሬን እንደማነክስ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም። ሁለት ወር ሣጥኑን በየቀኑ እያየሁ ጠበቅኩ፤ ወንድም ጋሼ፣ አልዋሽህም፣ ስፌት ላይ ተቀምጬ እንባዬ ጨርቁን ያረጠበበት ቀን አለ። ከዚያ ተነሥቼ ለመጽሔቷ ማስተካከያ ላክሁ። እግሬን ከነማንከሱ አሳተሙልኝ።

እማዬ ያን ስትሰማ ነው «ጎዶሎሽን ለአገር አወጅሽው» ብላ በአቶ ቀነዓ አስጽፋ ለአንተ የከሰሰችኝ። አንተም በግንቦት «ወለቴ፣ ይህን ነገር ተዪ፤ የማታውቂው ሰው ጓደኛ አይሆንም» ብለህ ጻፍክልኝ። ያ የመጨረሻ ደብዳቤህ ነበር። እኔ አልተውኩም። ከዚያ ወዲህ ብጽፍልህም ዝም ስትል ባለመታዘዜ የተቀየምከኝ መሰለኝ፤ እስከ ኅዳር ድረስ እንዲያ እያሰብኩ ነው የከረምኩት።

የቀበሌውንም ልንገርህ። ሊቀመንበሩ ጓድ ኢዶሳ «ከየክፍለ ሀገሩ ይህን ያህል ደብዳቤ የሚጎርፍላት ይህች ሴት ማን ናት?» ብሎ አስጠራኝ። ያለኝን ሁሉ በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ጀምሮ ጽሕፈት ቤቱ እስኪዘጋ አንድ ባንድ ሲያነብ ዋለ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ይህ ‹ትርፍ ጊዜዬን በማንበብ አሳልፋለሁ› የሚለው ቃል ሁሉም ላይ አለ፤ ምስጢር ነው ወይ?» አለኝ። «የለም ጓድ፣ ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው» አልኩት። ዘንቢሉን ገፋ አድርጎ መለሰልኝ።

አንተ ተዪ ባልከኝ በዚያው በግንቦት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ሱቅ ገባች። ሐረግወይን ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተነሥታ እዚሁ ወለጋ ውስጥ ኪራሙ በኩል የሰፈረች። ልጇ ታሞ ሆስፒታል አስተኝታው ከርማ መዳኑ ነበር። ኦሮምኛ አትችልም፤ ገበያ ውስጥ ስትዞር ቆይታ አማርኛ ስትሰማ ገባች። የልጁን የተቀደደ ሸሚዝ እየሰፋሁላት ሳለ ባንኮኒው ላይ የተከመረውን ፖስታ አየችና ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣልኝ ጠየቀችኝ። ከማላውቃቸው ሰዎች ነው አልኳት። «እኔ የማውቀውን አንድ ሰው አጥቼ፣ ላንቺ የማታውቂው ሰው ሁሉ ይጥፍልሻል» አለችኝ።

መጠለያ ሳሉ እሷ ከታመመው ልጇ ጋር በአንድ መኪና፣ ባሏ ይመር በሌላ መኪና ተጫኑ። መኪኖቹ በአንድ መንገድ የሚሄዱ መስሏት ነበር። የእሷ ወደ ወለጋ መጣ፤ የእሱ የት እንደደረሰ የነገራት የለም። ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። የጠየቀችው ሁሉ «አገሩ ሰፊ ነው» ይላታል።

ሸሚዙን ሰፍቼ ሰጠኋትና የባሏን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ጻፍኩ። በዚያ ሳምንት ለሠላሳ አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላክሁ። ጣቴ አበጠ፤ ሎሚ ግማሹን አገዘችኝ። መልሱ እየተንጠባጠበ መጣ። አብዛኛው የለም የሚል ነበር፤ ቢሆንም ሰው ልቡ ደግ ነው። የጎባው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ያዋጣውን ቴምብር ላከልኝ። ወታደሩ የሻለቃውን ሰው ሁሉ ጠይቆ እንደነበር ጻፈልኝ።

በነሐሴ የጉሉማ ደብዳቤ መጣ። የታማሚዎቹን መዝገብ ገልብጦ ይመር የሚባሉ ሦስት ሰዎች አግኝቷል። በጭቃው በየመንደሩ እየሄደ የሚስታቸውን ስም ጠየቃቸው። ሦስተኛው «ሐረግወይን፣ ነፍሷን ይማርና» አለው። ቅንድቡን ቢያይ ጠባሳው አለ። ሚስትህም ልጅህም ሞተዋል ብለውት ኖሯል፤ ያችኑ የምትሰፈርለትን በቆሎ ቀቅሎ ተዝካራቸውን አውጥቷል።

በሰፈራው የጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ልኬ ሐረግወይን በአራተኛው ቀን ደረሰች። አነበብኩላት። ተዝካሩ ላይ ስደርስ «በቁሜ ተዝካሬን አብልቷል?» አለችና ሳቀች፤ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር እማዬ ከጓዳ ወጥታ ሳትጠይቅ ሳትመረምር አቀፈቻት።

ሰፋሪ ያለ ፈቃድ ከአንዱ ሰፈራ ወደ ሌላው አይዛወርም። ሐረግወይንን ይዤ ወደ ጓድ ኢዶሳ ሄድኩ። ደብዳቤዎቹን ስለሚያውቃቸው ብዙ አላስረዳሁትም። ይህ የቀበሌ ሥልጣን እንዳልሆነ ነገረን፤ ከነገረን በኋላ ግን ወረቀት አውጥቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈና ማኅተሙን መታ። እሱን ይዘን በየቢሮው ሦስት ወር ተመላለስን። በኅዳር ይመር ከቡሬ በመጣ መኪና ነቀምቴ ወረደ። ሐረግወይን ሱቁ በር ላይ ቆማ አየችው፤ ካፏ የወጣው «ከስተሃል» የሚል ብቻ ነበር። እሱ ለሰላምታ እንኳ መቆም አቅቶት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልጁ ፈርቶት ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ። አሁን ኪራሙ አብረው ናቸው፤ ዘንድሮ በቆሎውም ሰምሮላቸዋል አሉ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እማዬ ደጅ ተቀምጣ ነበር። «የሰውን ባል ካገር ጫፍ ፈልገሽ አመጣሽ፤ የእኔን ልጅ ለምን አትፈልጊውም?» አለችኝ። ተቀይሞኝ ነው እንጂ አልጠፋም አልኳት። «ተድላን እኔ ነኝ የወለድኩት። ሲቆጣ ይጮሃል እንጂ ዝም አይልም» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ራሴ ጥፋት እንጂ ስለ አንተ ደህንነት አላሰብኩም ነበር።

በማግስቱ አሰብ ጣውላ በመጫንና በማውረድ ትሠራ እንደነበር ገልጬ ለሸዋርጋ ጻፍኩ። እሷም ከሥራ ስትወጣ ጣውላ ቤት ለጣውላ ቤት ዞረች። በሦስተኛው አንድ ጫኝ «የወለጋው ተድላ? እጁን የተጎዳው?» አላት። በሰኔ ለአንድ ነጋዴ ጣውላ ስታወርድ ክምሩ ተንዶ ቀኝ እጅህን እንደሰበረው፣ ሦስት ጣቶችህ እንደማይታዘዙህ፣ አሁን የመጋዘን በር እየጠበቅክ እንደምትኖር የጻፈችልኝ እሷ ናት። ለቤተሰቦቼ እንዳትጽፊ ብለህ ልታስምላት ስትል መሐላ አልወድም ብላህ መውጣቷንም ነግራኛለች። ስለዚህ አትቆጣት። አንተን ፍለጋ ስትዞር ጫማዋ ተቆርጧል።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ አንተን ልመክር አቅሙ የለኝም። ግን ሱቁ ዕቃ አልቆበታል፤ አዲስ አበባ ወርዶ ከመርካቶ መርጦ የሚያመጣ፣ ከነጋዴ ጋር ተከራክሮ የሚገዛ ሰው አጥተናል። እኛን የጎደለን ሰው እንጂ እጅ አይደለም። ለእማዬ «አገኘችው፤ ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት እንጂ የእጅህን ነገር አልነገርኳትም። ይህ ውሸት እስከ ፋሲካ ቢያቆየኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔን አይታ ታውቃለች። የምትለውን ለሸዋርጋ ንገራት፤ በታይፕ መትታ ቃልህን እንዳለ ትልክልኛለች። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም፣ እሱን ብቻ ብትልም ግድ የለም።

ሎሚ ደህንነትህን ስትጠይቅ «ኦቦ ተድላ፣ ፈያዳ?» ትልሃለች። አባ ባይሳ ቆርቆሮውን እንደደፈኑ እንድነግርህ ደጋግመው አሳስበውኛል፤ ሰላም ብለውሃል። አቶ ቀነዓ ክሱን የጻፈው ታዝዞ እንጂ በክፋት እንዳልሆነ ይወቅልኝ ይላል። ሐረግወይንና ይመር በስም ሳያውቁህ ይመርቁሃል።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «የእኔንስ ጻፍሽልኝ?» እያለችኝ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ተድላ ልጄ፣ ሥራ ከበዛብህ አትጻፍ፤ አልቀየምህም። ባዶውን ፖስታ ዘግተህ ላክልኝ። እጅህ የነካው ከሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»

እህትህ ወለቴ ወልደዮሐንስ
ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
የካቲት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.